ቢራ ሁሉ አንድ ነውን?

ቢራ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መልኩ እንደ ወርቅ የጠራ፥ አረፋው የነጣ፥ እንደ በረዶ የቀዘቀዘና ከጉሮሮ ሳይያዝ ፈጥኖ የሚወርድ መጠጥ ነው። የጠርሙሱ ወረቀት ይለያይ እንጂ በውስጡ ያለው ከኒው ዮርክ እስከ ቶክዮ፥ ከቶክዮም እስከ አዲስ አበባ ብዙ ልዩነት የለውም። ጠጪው «እኔ ከእገሌ ፋብሪካ ቢራ በቀር አልቀምስም» እያለ ሲከራከር ይሰማል፤ ዳሩ ግን ዓይኑን በመሐረብ አስረው ሦስት ብርጭቆ ቢያቀርቡለት የራሱን ከሌላው ለይቶ ማወቁ እጅግ ያጠራጥራል።

ይህ መጠጥ በሙያው ስም «ላገር» የሚባል ሲሆን፥ ከቢራ ዘሮች አንዱ ነው እንጂ ቢራ ማለት እርሱ ብቻ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላገር ብቻ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንድ ቀን በአንዲት ትንሽ መጥመቂያ ቤት የተሠራ ሌላ ዓይነት ቢራ ቢቀምስ፥ በመጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ቀጥሎ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታል፤ በመጨረሻም «እስከ ዛሬ ይህን ማን ደበቀኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ለማግኘት ይህ ነገር እጅግ ወደ ጎላበት አገር፥ ወደ አሜሪካ፥ መሻገር ያስፈልጋል። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው፥ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ነው።

ላገር ዓለምን እንዴት ገዛ

«ላገር» የሚለው ቃል ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ማከማቸት ማለት ነው። የባቫሪያ ጠማቂዎች ቢራቸውን በቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ያስቀምጡት ስለ ነበረ፥ ብርድ የሚችልና ከዕቃው ግርጌ የሚዘቅጥ እርሾ በእጃቸው ተለመደ። «ኤል» የሚባለው ጥንታዊው የእንግሊዞች ቢራ ግን በሞቅታ የሚፈላና እርሾው ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ በጥቂት ቀን ይደርሳል፥ ፍራፍሬ የሚመስል መዓዛም ያወጣል። እንግዲህ አብዛኛው የዓለም ቢራ በነዚህ በሁለቱ ግንዶች ላይ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1838 በቦሄሚያ የምትገኘው የፕልዘን ከተማ ሰዎች በቢራቸው መበላሸት ተቈጥተው 36 በርሜል በማዘጋጃ ቤቱ ፊት እንዳስደፉ ይተረካል። ከዚያም አዲስ መጥመቂያ አቋቁመው ዮሴፍ ግሮል የሚባል ባቫሪያዊ ባለሙያ አስመጡ። እርሱም በኦክቶበር 5 ቀን 1842 ከነጣ ብቅል፥ ከአገሩ ለስላሳ ውሃና ሳዝ ከሚባለው ሆፕ የጠመቀው ቢራ ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ሆፕ የተባለው፥ ለእኛ ጠላ ጌሾ የሚሰጠውን ምሬት ለፈረንጅ ቢራ የሚሰጥ የአንድ ሐረግ አበባ ነው። ከዚህ በኋላ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት፥ የካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ መኪና፥ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ያሳተመው ጥናት፥ እንደዚሁም በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን የእርሾ ዘርን ንጹሕ አድርጎ ለይቶ ማራባቱ፥ ይህን ቢራ በየትኛውም አገር፥ በማናቸውም ወራት፥ በአንድ ዓይነት ጣዕም ለመሥራት አስቻሉ።

ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ጀርመኖች ሙያቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያ ያገኙት ገብስ ፕሮቲኑ የበዛና ቢራውን የሚያደፈርስ ስለሆነባቸው በቆሎና ሩዝ እየቀላቀሉ አጠሩት። በቆሎና ሩዝ የገባው ለማታለል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በመጀመሪያ የገባው ለብልኃት ነበር። ርካሽነቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው። በ1873 በአሜሪካ ከ4,000 የሚበልጡ መጥመቂያዎች ነበሩ። ከ1920 እስከ 1933 ድረስ ግን የአልኮል መጠጥ በሕግ ተከለከለና ብዙዎቹ ጠፉ። ክልከላው ሲነሣ ገበያው ለትላልቆቹ ሆነ። እነርሱም ትንንሾቹን እየገዙ፥ በቴሌቪዥን እያስታወቁ፥ ማንንም እንዳያስቀይም የቢራውን ምሬት ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ሄዱ። በ1975 ደግሞ «ላይት» የተባለው የቀጠነ ቢራ በመላው አገሪቱ ወጣ፤ የእኛ አገር ባልቴት ብትቀምሰው «ይህስ ቅራሪ ነው» ማለቷ አይቀርም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት መጥመቂያዎች ከ100 በታች ነበሩ።

የመርከበኛው ሕልም

ፍሪትዝ ሜይታግ በልብስ ማጠቢያ መኪና ስማቸው ከታወቀው ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ነበር። በ1965 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ «አንከር ስቲም» የተባለው የሚወደው ቢራ መጥመቂያው ሊዘጋ መሆኑን ሰማ። ቤቱ ከ1896 ጀምሮ የቆየ ቢሆንም ዕቃው አርጅቶ ቢራውም ቶሎ ቶሎ ይኮመጥጥ ነበር። ወጣቱ ሄዶ አየና ከመቶ 51ዱን ድርሻ ገዛ። በጠርሙስ ለማውጣት የበቃው ግን ከብዙ ልፋት በኋላ በ1971 ነው። በ1975 «ሊበርቲ ኤል» የሚባል ቢራ ጠመቀ፤ የጨመረበትም ካስኬድ የሚባለውን፥ በኦሬጎን ተዳቅሎ በ1972 ለገበሬዎች የተሰጠውን አዲስ ሆፕ ነበር። ካስኬድ ከምሬቱ ጋር የትርንጎ ልጣጭ የመሰለ ሽታ አለው። ዛሬ ሰዎች «የአሜሪካ ቢራ ሽታ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሜይታግ የአባት ገንዘብ ነበረው። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርክለት ሰው ግን ያልነበረው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ጃክ ማኮሊፍ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ በስኮትላንድ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በሚጠገኑበት ሥፍራ ሲያገለግል፥ በአገሩ ከለመደው ላገር ፈጽሞ የተለየውን የእንግሊዞችን ኤል ቀመሰ። ጠቆር ያለውን፥ እህል እህል የሚለውን፥ ያልቀዘቀዘውን ቢራ ወደደው። አገሩ ሲመለስ ፈልጎ አጣው። የሚሸጥለት ሰው ስላላገኘ ራሱ ሊሠራው ቈረጠና በ1976 በካሊፎርኒያ ሶኖማ በሚባለው አገር «ኒው አልቢዮን» የተባለውን መጥመቂያ ከሁለት ሴቶች ባልደረቦች ጋር አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ለትንሽ ጠማቂ የሚሆን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ በአሜሪካ አልነበረም፤ የፋብሪካዎቹ ጋን እንደ ቤት የሚያህል ነበርና። ስለዚህ ማኮሊፍ የወተት ቤት ጋኖችንና የኮካ ኮላ ሽሮፕ ይመላለስባቸው የነበሩትን በርሜሎች ሰብስቦ፥ ራሱ እየበየደ፥ መጥመቂያውን በእጁ ሠራ። የመጽሐፍ ዕውቀቱን ያገኘው ከአሮጌ መጻሕፍትና በዴቪስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ቢራው ተወደደ፤ ጋዜጦች ጻፉለት፤ ሰዎችም ከሩቅ እየመጡ ጎበኙት። ነገር ግን የሚጠምቀው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፥ ሁሉም ቢሸጥ እንኳ ወጪውን አይሸፍንም ነበር። ትልቅ ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ባንኮቹ ግን «ትንሽ መጥመቂያ» የሚባል የንግድ ዓይነት ስለማያውቁ ለማበደር ፈቃደኞች አልሆኑም። በ1982 ቤቱ ተዘጋ። ዕቃውንም ሜንዶሲኖ የሚባል ሌላ አዲስ መጥመቂያ ገዛው።

ማኮሊፍ ቢወድቅም መንገዱን አይተው የተከተሉት ብዙ ነበሩ። ከጎበኙት አንዱ ኬን ግሮስማን ነበር፤ እርሱም ከባልደረባው ከፖል ካሙሲ ጋር በቺኮ ከተማ «ሲየራ ኔቫዳ»ን አቋቁሞ በ1980 መጥመቅ ጀመረ። እርሱም እንደ ማኮሊፍ የወተት ቤት ዕቃ ነበረው። «ፔል ኤል» የሚባለው ቢራው ከአንዱ ጥንስስ ወደ ሌላው ጣዕሙ እየተለዋወጠ ስላስቸገረው፥ አንድ ዓይነት እስኪሆንለት ድረስ ብዙ ጥንስስ ደፍቷል። ገንዘብ የሌለው ሰው የሠራውን ሲደፋ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ መንገር አያሻም።

መንግሥትም በበኩሉ ሁለት ነገር አደረገ። በ1976 የትንንሽ ጠማቂዎች ግብር ለመጀመሪያዎቹ 60,000 በርሜሎች በበርሜል ከ9 ዶላር ወደ 7 ዶላር ዝቅ አለ። በኦክቶበር 1978 ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ መሠረት ማንኛውም ጐልማሳ በቤቱ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፥ ማለት ወደ 380 ሊትር ገደማ፥ ለራሱ እንዲጠምቅ ተፈቀደለት። ከዚያ በፊት ወይን በቤት መሥራት የተፈቀደ ሲሆን ቢራ መጥመቅ ግን በአገሪቱ ሕግ ክልክል ነበር። ጋን የሌለበት ጓዳ ለማያውቁ ለእኛ አያቶች ይህ ቢነገራቸው ኖሮ ምን ይሉ ነበር? አላባማና ሚሲሲፒ የሚባሉት ግዛቶች ግን እስከ 2013 ድረስ አልፈቀዱም። በኋላ ስማቸው ከተጠራው ጠማቂዎች ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት በገዛ ወጥ ቤታቸው በድስትና በባልዲ ነው።

ከእንግሊዝ አገርም አራት ወጣቶች በ1971 ተሰብስበው በበርሜል የሚደርሰውን የጥንቱን ቢራ ለማዳን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማይክል ጃክሰን የሚባለው ጸሐፊ ደግሞ፥ ዘፋኙ አይደለም፥ በ1977 ባሳተመው የዓለም ቢራዎች መምሪያ ለየዓይነቱ ስምና ወገን አውጥቶ ሰዎች የሚጠጡትን እንዲያውቁ አደረገ።

በብርጭቆው ውስጥ ያለው

ከላገር በቀር ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስደንቀው ሽታው ነው። የፋብሪካ ላገር በጣም ቀዝቅዞ ስለሚቀርብ አፍንጫ ሥራ የለውም። እነዚህ ግን ብርጭቆውን ወደ አፍ ሲያቀርቡት ገና ይናገራሉ። የጀርመን የስንዴ ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል፤ ነገር ግን አንድም ሙዝ፥ አንድም ቅርንፉድ አልገባበትም፤ እርሾው ያወጣው ነው። «ስታውት» የሚባለው ጥቁር ቢራ ቡና ቡና ይላል፤ ይህም ገብሱ እስኪጠቁር ስለ ተቈላ ነው። በብራስልስ አካባቢ የሚሠራው «ላምቢክ» እርሾ እንኳ አይጨመርበትም፤ ሌሊት በሰፊ ገበታ ላይ ተሰጥቶ ከአየር የሚገባው እርሾ ያፈላዋል፤ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። በቨርሞንት ግዛት የተጀመረው አዲሱ ዓይነት ደግሞ ሳይጣራ እንደ ደፈረሰ ይጠጣል፤ በእኛ ቋንቋ ጉሽ መሆኑ ነው። ፈረንጆቹ ጉሽ ለመጠጣት ተሰልፈው ሲቆሙ ማየት ለሀበሻ ያስቃል።

በቅርብ የማውቀው አንድ ሰው በዋሽንግተን አጠገብ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የጠጣው አንድ ዓይነት የጣሳ ቢራ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ የወንድሙ ልጅ መኪናውን ራሱ እየነዳ ወደ አንዲት መጥመቂያ ቤት ወሰደው። «ጋሼ፥ ዛሬ እንኳ እኔ የመረጥሁልዎን ይቅመሱ» አለው። መጀመሪያ የቀረበለት ሆፕ የበዛበት ነበርና አንድ ጊዜ ጐንጨት አድርጎ፥ «አንተ ልጅ፥ ኮሶ ልታሽረኝ ነው እንዴ ያመጣኸኝ!» ብሎ ብርጭቆውን ገፋው። ዋጋው 8 ዶላር መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ይባሱን ተቈጣ፤ በዚያ ገንዘብ የለመደውን ስድስት ጣሳ ይገዛበታልና።

ልጁ ግን ሳይናገር ሁለተኛ፥ ጥቁር ቢራ አስመጣ። ሰውየው አሽትቶ ዝም አለ። ቀምሶም ዝም አለ። ቈይቶ፥ «ይህ አሻሮ አለበት፤ በደንብ ያልታመሰ አሻሮም አይደለም፤ የቆላው ሰው ያውቃል» አለ። ልጁ ይህን ለጠማቂው ቢተረጕምለት፥ ፈረንጁ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና የተቈላ ገብስ መግባቱን ከነመጠኑ አስረዳቸው። ከዚያም ያ የታክሲ ነጂ ሸሚዙን ሰብስቦ፥ እናቱ ጋኑን በወይራ እንዴት እንደምታጥን፥ ጌሾው ከብቅሉ በፊት እንዴት እንደሚጠነሰስ፥ አሻሮው ታምሶ እንዴት እንደሚገባ፥ ከምሳ እስከ ማታ ሲያስተምር ዋለ። ጠማቂው ይጽፍ ነበር። የዚያን ቀን ሒሳብ አልተጠየቁም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በአዲሱ ወግ ሁሉም ነገር የሚመሰገን አይደለም። አንድ ጊዜ የምሬት ፉክክር ተነሥቶ ጠማቂዎቹ ማን የበለጠ ያመርራል እየተባባሉ ምላስ የሚያደነዝዝ ነገር ሸጠዋል። ቀጥሎም እንደ ከረሜላ የሚጣፍጠው፥ ኬክና ጣፋጭ የተነከረበት መጣ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ ሁሉ ቢራን አይጠቅምም። ኃይሉም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ የፋብሪካ ላገር ከመቶ 5 ገደማ አልኮል ሲኖረው፥ ከነዚህ አንዳንዱ 8ና ከዚያም በላይ አለው። እንደ ጃምቦ ድራፍት በአንድ ትንፋሽ የሚያንቈረቍረው ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ያገኘዋል። ላገር ራሱም የሚናቅ አይደለም። ጂም ኮክ በቦስተን በ1984 ኩባንያውን አቋቁሞ የታወቀው በቅድመ አያቱ አባት ቀመር በጠመቀው ላገር ነው። ብቅሉ ያልተሰሰተበት፥ ጊዜውንም ጠብቆ የደረሰ ላገር ከማንኛውም ኤል ጋር አብሮ ሊቀርብ ይችላል።

በአሜሪካ አሁን ከ9,000 የሚበልጡ መጥመቂያዎች አሉ። አዲስ አበባም ውስጥ፥ ከ1922 ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ሲጠመቅባት በኖረችው ከተማ፥ ቦሌ አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ተከፍቶ ነጣ ያለና ጥቁር ቢራ እዚያው እየጠመቀ ለመሸጥ በቅቷል።

ትንሹ ሲያድግ

ትልልቆቹ ኩባንያዎች እነዚህን ትንንሾች መጀመሪያ ናቋቸው፤ ኋላም ገዟቸው። በ2011 የቺካጎው «ጉዝ አይላንድ» በ38.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2015 «ባላስት ፖይንት» የተባለው የሳንዲያጎ መጥመቂያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ዓለም ተደነቀ፤ ገዢው ግን በ2019 ለአንድ ስሙ ላልታወቀ ትንሽ ኩባንያ መልሶ ሸጠው። ጠጪውም ግራ ገባው፤ የትንሽ ጠማቂ ሥራ ነው ብሎ በውድ የሚገዛው ጠርሙስ ባለቤቱ ያው የሸሸው ፋብሪካ ሆኖ ያገኘዋልና። ቢራው ያው ከሆነ ባለቤቱ ማን ቢሆን ምን ቸገረኝ የሚል አለ፤ ቢራው ያው ሆኖ አይቀርም የሚልም አለ። ሁለቱም እየጠጡ ይከራከራሉ።

ከዚህም ሌላ የብቅሉ፥ የጣሳው፥ የኪራዩ ዋጋ እየጨመረ፥ ወጣቶቹም መጠጥ እየቀነሱ በመሄዳቸው፥ በ2024 በአሜሪካ የተዘጉት መጥመቂያዎች ከተከፈቱት በለጡ። ከሁሉ በላይ ያሳዘነው ግን የአንከር ነገር ነው። ሜይታግ በ2010 ሸጦት ነበር፤ በ2017 ሳፖሮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ገዛው፤ በ2023 እንደሚዘጋ ሲነገር የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች የመጨረሻውን ጠርሙስ ለመግዛት ተሰለፉ። በ2024 በእርጎ ንግድ የበለጸገው ሐምዲ ኡሉካያ፥ ከቱርክ አገር የመጣ ሰው፥ ገዝቶታል።

የማኮሊፍ ቤት ሲዘጋ ግን አንድ ነገር አልጠፋም ነበር። የኒው አልቢዮን እርሾ በዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ የቦስተኑ ጂም ኮክ ያንኑ እርሾ አስወጥቶ፥ ካስኬድ ሆፕ ጨምሮ፥ ማኮሊፍን ራሱን ጠርቶ አብረው ጠመቁት። በ2013 በመላው አሜሪካ በአሮጌ ስሙ ተሸጠ፤ ትርፉም ለማኮሊፍ ተሰጠ።